ያልተነገራት ልጅ፦ «ቶቶቻን፣ በመስኮቱ አጠገብ ያለችው ትንሽ ልጅ»

ልጄ ሰባት ዓመቱ ነው። ማታ ሳይነበብለት አይተኛም። እኔም አንደኛ ክፍል አስራ አንድ ዓመት ያስተማርኩ ሰው ስለሆንኩ ቤታችን የልጆች መጽሐፍ አያጣም። አብዛኞቹን አንዴ አንብበን መልሰን አላነሳናቸውም። ይሄኛውን ግን ሁለቴ ከዳር እስከ ዳር ጨርሰን ሦስተኛውን ጀምረናል። ስለዚህ ዛሬ ረጋ ብዬ ልጻፍላችሁ።

መጽሐፉ የጃፓናዊቷ ተዋናይትና የቴሌቪዥን አቅራቢ የቴትሱኮ ኩሮያናጊ ነው። የወጣው በ1981 ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ታሪኩ የራሷ ልጅነት ነው። ቶኪዮ ውስጥ ቶሞኤ በምትባል ትንሽ ትምህርት ቤት ያሳለፈችው፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊትና በጦርነቱ ጊዜ ያለው ዘመን። እኔ የያዝኩት ዶሮቲ ብሪተን ወደ እንግሊዝኛ የመለሰችውን ነው። ማታ ማታ እያየሁ በአፌ ወደ አማርኛ እመልስለታለሁ።

የመጀመሪያው ማታ ገና ሁለተኛው ምዕራፍ ላይ ቆምኩ። ማንበብ አቃተኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ላይ ቶቶቻንና እናቷ ከባቡር ይወርዳሉ። ወደ አዲስ ትምህርት ቤት እየሄዱ ነው። ልጅቷ የባቡሩን ትኬት መስጠት አልፈለገችም፣ ላስቀረው ብላ ጠየቀች። ትኬት ተቀባዩ አይሆንም አላት። ሳጥኑ ሙሉ ትኬት ስታይ ይሄ ሁሉ የሱ ነው ብላ ቀናች። ስታድግ ትኬት ሻጭ እሆናለሁ አለች። እናቷ ሰላይ እሆናለሁ ብለሽ አልነበር ወይ ስትላት ቆም ብላ አሰበች። መፍትሔውንም አገኘች። ላዩን ትኬት ሻጭ፣ ውስጡን ሰላይ! ልጄ እዚህ ጋ ከአልጋው ተነስቶ ተቀመጠ። ሐሳቡ ለሱም ትክክል ነበርና።

ቀጥሎ ያለው ምዕራፍ እናቲቱ ለምን ፊቷ እንደጠቆረ ይነግረናል። ቶቶቻን ከቀድሞው ትምህርት ቤት ተባርራለች። ገና አንደኛ ክፍል እያለች። እናቷ ይህን አልነገረቻትም። ትምህርት ቤት መቀየር ትፈልጊያለሽ ወይ፣ ደስ የሚል ቦታ አለ ብላ ብቻ ነው ይዛት የመጣችው።

ይህን ለልጄ ላንብብለት ወይስ ልዝለለው? ተማሪዎቼን አስታወስኩ። «ተባረረ» የሚለው ቃል የልጅን አንገት እንዴት እንደሚሰብር አውቃለሁ። በመጨረሻ አነበብኩለት። ዝም ብሎ ሰማ። ከዚያ «እሷ ታውቃለች?» አለኝ።

«አታውቅም።»

«እሺ እማዬ፣ እንዳትነግሪያት።»

ከዚያ ማታ ጀምሮ እሱም ምስጢር ጠባቂ ሆነ። ምዕራፍ ባለቀ ቁጥር «አሁንም አላወቀችም አይደል?» ይለኛል። አላወቀችም እለዋለሁ። ደስ ብሎት ይተኛል።

የመጽሐፉ ትልቁ ነገር ለእኔ እዚህ ላይ ነው። ስለ ልጅነት የዋህነት የሚጽፉ ሰዎች ብዙ ጊዜ ከሁለት አንዱን ያደርጋሉ። ወይ ልጁን መልአክ ያደርጉታል፣ የማያጠፋ፣ የማይቆሽሽ። ወይ ደግሞ ልጁ አንድ ነገር ተናግሮ አዋቂው ከኋላው እንዲስቅ ያደርጋሉ። ሁለተኛውን እኛም በቋንቋችን እናውቀዋለን። «የዋህ» ስንል አንዳንዴ ማመስገናችን ነው። አንዳንዴ ግን «ተላላ» ለማለት አፍረን ነው። «የልጅ ነገር» የምንለውም አብዛኛውን ጊዜ ወሬውን ለመዝጋት ነው። ይህ መጽሐፍ አይዘጋም። ልጅቷ ያደረገችውን ነገር ለምን እንዳደረገችው እስከ መጨረሻው ይከተላል።

የዴስኩን ታሪክ ልንገራችሁ። የቀድሞዋ አስተማሪ ለእናቲቱ ስትከስ የምትለው ልጅቷ የዴስኳን ክዳን በየደቂቃው ትከፍታለች ትዘጋለች ነው። አስተማሪዋ ተናዳ ያለ ምክንያት እንዳትከፍቺ፣ የምታስገቢው ወይም የምታወጪው ነገር ሲኖር ብቻ ክፈቺ ብላ ከለከለቻት። ልጅቷ ታዘዘች። አንድ ፊደል ለመጻፍ ክዳኑን ትከፍትና ደብተር ታወጣለች። ትዘጋለች። ለእርሳስ እንደገና ትከፍታለች። ፊደሉ ሲበላሽ ለላጲስ ትከፍታለች። አጥፍታ ላጲሱን ለመመለስ ትከፍታለች። ሕጉን በደንብ አክብራለች! እናትየው ይህን ስትሰማ ትዝ የሚላት ልጅቷ ትምህርት ቤት በጀመረችበት ቀን እንዴት ተደስታ እንደመጣች ነው። በቤት ያለው ጠረጴዛ መሳቢያው ወደ ፊት ነው የሚሳበው። የትምህርት ቤቱ ግን ወደ ላይ ነው የሚከፈተው። ለልጅቷ ይህ ድንቅ ነበር።

ሌላም አለ። የባንዲራ ሥዕል ስትስል ለባንዲራው ዘርፍ አደረገችለት። ዘርፉ ከወረቀቱ አልፎ ዴስኩ ላይ ተቀባ። ወረቀቱ ስላልበቃት ነው። የጎዳና ሙዚቀኞች ሲያልፉ ከመስኮቱ ጠርታ አጫውቱን ትላለች። ቀና ብላም ጎጆ ለምትሠራ ወፍ ምን እየሠራሽ ነው እያለች ትጮሃለች።

እዚህ ላይ ጸሐፊዋ ያደረገችውን ልብ በሉ። አስተማሪዋን ክፉ አላደረገቻትም። እናቲቱ ራሷ አስተማሪዋ እውነቷን ነው ትላለች በልቧ። እኔ አርባ ተማሪ ፊት የቆምኩ ሰው ነኝ። ያቺን አስተማሪ ገባችኝ። እንደዚያ ያለ ልጅ ክፍል ውስጥ ሲኖር የቀኑ ጉልበት ሁሉ እሱ ላይ ያልቃል። ግን ገጹን ሳነብ የልጅቷም ምክንያት እኩል ገባኝ። ሁለቱም ትክክል ናቸው፣ አብረው ግን መኖር አልቻሉም። እንዲህ ያለ ነገር በአራት ገጽ የሚያሳይ መጽሐፍ ብዙ አላየሁም።

ደግሞ ታሪኩ የራሷ ሆኖ ሳለ «እኔ» ብላ አልጻፈችም። «ቶቶቻን እንዲህ አደረገች» እያለች ነው የምትተርከው። መጀመሪያ ለምን ብዬ ነበር። በኋላ ገባኝ። «እኔ» ብትል ያደገችው ሴትዮ በየመስመሩ ትገባ ነበር። ትጸጸት፣ ትናፍቅ፣ ታብራራ ነበር። «ቶቶቻን» ስትል ግን ልጅቷን ለብቻዋ ትተዋታለች። ሴትዮዋ ወደ ኋላ ትቀራለች። አንዳንድ ቦታ ብቻ፣ በአንድ ዓረፍተ ነገር፣ ጠጋ ብላ ለእኛ ለአዋቂዎቹ አንድ ነገር ሹክ ትለናለች።

ስሙ ራሱ የዚህ ምሳሌ ነው። የልጅቷ ስም ቴትሱኮ ነው። «ቻን» ጃፓኖች የትንሽ ልጅ ስም ላይ በፍቅር የሚቀጥሉት ነው፣ እኛ «ዬ» እንደምንለው። ሰዎች ቴትሱኮቻን ሲሏት እሷ ቶቶቻን ሰማች። «ቻን»ንም የስሟ ክፍል ነው ብላ አመነች። ሙሉ ስሟን ስትጠየቅ ቶቶቻን ነኝ ትላለች። አማርኛ ላይ እንዴት ላድርገው ብዬ ብዙ አሰብኩ። «ቶትዬ» ልለው ሞከርኩ። ልጄ ግን አልተቀበለኝም። «ስሟ ቶቶቻን ነው ብላለች እኮ» አለኝ። ትክክል ነው፣ ብላለች። ተውኩት።

አሁን ወደ ትምህርት ቤቷ ልምጣ። ቶሞኤ በ1937 የተከፈተች ናት። የመሠረታት ርዕሰ መምህር ሶሳኩ ኮባያሺ ይባላል። አውሮፓ ሄዶ የሙዚቃ አስተማሪ ከነበረው ከኤሚል ዣክ ዳልክሮዝ ዘንድ ተምሯል። ሙዚቃን በሰውነት እንቅስቃሴ የማስተማሩን ዘዴ ወደ ጃፓን ካመጡት አንዱ እሱ ነው። ትምህርት ቤቱ ውስጥ ያሉት ልጆች በጠቅላላ ሃምሳ ገደማ ነበሩ። የሚማሩት አገልግሎት በጨረሱ የባቡር ፉርጎዎች ውስጥ ነው። የትምህርት ቤቱ በር ምሰሶዎች ሥር ያላቸው ዛፎች ናቸው። ቶቶቻን ይህን ስታይ በሩ እየበቀለ ነው አለች። አንድ ቀን ከስልክ እንጨት ይበልጣል ብላ ደመደመች።

ርዕሰ መምህሩ እናቲቱን ወደ ቤትዎ ይሂዱ አላት። ከዚያ ወንበሩን ወደ ልጅቷ አስጠግቶ የፈለግሽውን ሁሉ ንገሪኝ አላት። እሷም ነገረችው። ስለመጣችበት ባቡር ፍጥነት፣ ስለ ቀድሞው ትምህርት ቤት ወፍ ጎጆ፣ ሮኪ ስለሚባለው ውሻዋ፣ ስለ አባቷ ዋና፣ ስለለበሰችው ቀሚስ። ወሬ ሲያልቅባት አዲስ ፈለገች። አራት ሰዓት ሙሉ አወራች! ሰውየው አንዴም አላዛጋም። የምሳ ሰዓት ሲደርስ እጁን ጭንቅላቷ ላይ አድርጎ ከአሁን ጀምሮ የዚህ ትምህርት ቤት ተማሪ ነሽ አላት።

ይህን ገጽ ያነበብኩ ማታ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። በአስራ አንድ ዓመት ውስጥ አንድን ልጅ ሳላቋርጥ ስንት ደቂቃ አዳምጬ አውቃለሁ? አምስት? ጊዜ አልነበረም እላለሁ፣ እውነትም አልነበረም። ግን ጊዜ በነበረኝ ቀንም ቢሆን እኔ ጠያቂ ነበርኩ እንጂ አዳማጭ አልነበርኩም።

ከመጽሐፉ ሁሉ ልጄ የሚያስደግመኝ የሽንት ቤቱን ምዕራፍ ነው። ቶቶቻን የምትወደውን ቦርሳ ጉድጓድ ውስጥ ጣለች። አላለቀሰችም። ከጓሮ ረጅም እጀታ ያለው ጭልፋ አምጥታ የጉድጓዱን ክዳን ከፍታ መጭለፍ ጀመረች። ያወጣችው ክምር ሆነ። ርዕሰ መምህሩ በዚያ ሲያልፍ ምን እየሠራሽ ነው አላት። ቦርሳዬ ገብቶብኝ ነው አለችው። እሺ ብሎ ሄደ። ቆይቶ ሲመለስ ክምሩ ትልቅ ሆኗል። አገኘሽው ወይ አላት። አላገኘሁም አለች። ስትጨርሺ መልሰሽ ታስገቢዋለሽ አይደል አላት። በቃ፣ ሌላ ቃል የለም።

እሷም መለሰችው። ቦርሳውን አላገኘችም። ነገር ግን ከክምሩ የወጣው ፈሳሽ መሬት ውስጥ ሰርጎ ነበር። ሁሉን እመልሳለሁ ብላ ቃል ገብታለች። ስለዚህ የረጠበውን አፈርም ጨልፋ ጨመረች።

ያቺ የረጠበች አፈር! የልጅነት የዋህነት ምን እንደሆነ አሳዩኝ ብትሉኝ እሷን ነው የማሳያችሁ። ቃል የገባችውን እስከ ጠብታው ድረስ ነው የቆጠረችው። እንዲህ ያለ ዝርዝር ተፈልጎ አይገኝም። የደረሰበት ሰው ብቻ ነው የሚያስታውሰው።

የዛፍ ቅርፊቱም ምዕራፍ እንዲሁ ነው። አንድ ወጣት መንገድ ላይ ቅርፊት ይሸጣል። ነክሳችሁ ከመረራችሁ ታማችኋል፣ ካልመረራችሁ ጤነኛ ናችሁ ይላል። ዋጋው 20 ሴን (የጃፓን ሳንቲም) ነው። ቶቶቻን ከርዕሰ መምህሩ ተበድራ ገዛች። ከዚያ ትምህርት ቤቱን ሁሉ አስነከሰች። ማንንም አልመረረም። ሁሉም ጤነኛ ነው! ደስታዋ ወሰን አጣ። ርዕሰ መምህሩም ነክሶ አልመረረኝም አላት። እኛ ሻጩ ምን እንደሆነ እናውቃለን። ርዕሰ መምህሩም ያውቃል። ጸሐፊዋ ግን «ተታለለች» የሚል ቃል አታስገባም። ልጅቷ የሰው ሁሉ ጤንነት ነበር ያሳሰባት፣ ምዕራፉም ስለዚያ ነው።

እንግዲህ ከሳቅ ጋር ወደተያያዘው ነገር ልሂድ። የክፍል አስተማሪዋ አንድ ቀን ስለ ሰው አካል ስታስተምር በቀልድ መልክ ታካሃሺን አንተ ጅራት አለህ አይደል አለችው። ታካሃሺ አጭር ነው። ቁመቱ ከዚህ በኋላ አይጨምርም። ክፍሉ ሳቀ። ከትምህርት በኋላ ቶቶቻን ርዕሰ መምህሩ ወጥ ቤት ውስጥ አስተማሪዋን ሲቆጣ ሰማች። ያ ልጅ ምን ሊሰማው እንደሚችል አላሰብሽም ወይ እያለ ነው። አስተማሪዋ አለቀሰች። የሰውየው ቁጣ በመጽሐፉ ውስጥ የሚሰማው እዚያ ነው። የተቆጣውም ሌሎች አስተማሪዎች በሌሉበት፣ ለብቻዋ ወስዶ ነው። የእሷንም ክብር ጠብቆላታል።

እኔም አንድ ጊዜ የተማሪዬን ደብተር ይዤ ወደ መምህራን ክፍል ገብቻለሁ። አንድ ዓረፍተ ነገር አንብቤ ሁላችንም ሳቅን። ልጁ የጻፈው በእሱ ሐሳብ ፍጹም ትክክል ነበር። በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። ልጁ ይስማ አይስማ እስከ ዛሬ አላውቅም። ያን ምዕራፍ ካነበብኩ በኋላ ነው ነገሩን ደግሜ ያሰብኩት። ዓረፍተ ነገሩን እዚህ አልጽፈውም። የልጁ ነው።

ስለ ታካሃሺ አንድ ጨምሬ ልለፍ። ርዕሰ መምህሩ የስፖርት ቀኑን ውድድሮች ሲያዘጋጅ ለአጭር ልጅ የሚመቹ አደረጋቸው። ታካሃሺ በሁሉም አንደኛ ወጣ። ሽልማቱ አትክልት ነው። ልጆቹ ለምን እሱ እንደሚያሸንፍ አልገባቸውም። ሊያሸንፉት ሲሮጡ ነው የምናያቸው። ያ አለማወቃቸው ነው የታካሃሺን ድል እውነተኛ ያደረገው።

የዛፉ ምዕራፍ ላይ ግን ተጠንቀቁ። ክፉ ነገር ስለሆነ ሳይሆን ልብ ስለሚነካ ነው። ያሱአኪ የሚባል ልጅ አለ። ፖሊዮ እግሩንና እጁን ጎድቶታል። በቶሞኤ እያንዳንዱ ልጅ የራሱ የሚላት ዛፍ አለችው። ያሱአኪ ግን መውጣት ስለማይችል የለውም። ቶቶቻን ወላጆቻቸው ሳያውቁ ወደ ዛፏ ጋበዘችው። መሰላል ጎትታ አመጣች። እየገፋች፣ እየጎተተች፣ ላብ በላብ ሆና አወጣችው። ከላይ ሆነው አወሩ። አሜሪካ ያለች እህቱ የነገረችውን ነገራት። ቴሌቪዥን የሚባል ሳጥን አለ፣ ቤትሽ ቁጭ ብለሽ የሱሞ ትግል ታያለሽ። ቶቶቻን ግራ ገባት። እነዚያ ግዙፍ ታጋዮች ሳጥን ውስጥ እንዴት ይገባሉ?

ጃፓን ውስጥ የቴሌቪዥን ሥርጭት የተጀመረው በ1953 ነው። ያኔ ቶቶቻን፣ ማለትም ቴትሱኮ ኩሮያናጊ፣ ከመጀመሪያዎቹ የቴሌቪዥን ተዋናዮች አንዷ ሆነች። በ1976 የጀመረችው የእንግዳ ፕሮግራሟ ለአሥርተ ዓመታት አብሯት ዘልቋል። ሳጥኑ ውስጥ የገባችው እሷ ናት። ያሱአኪ ይህን አላየም። በልጅነቱ ሞተ። መጽሐፍ አውሷት ነበር። ሳትመልስለት ቀረች። ልጄ የዚያን ምዕራፍ ማታ «አሁን ለማን ትመልሳለች?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። መጽሐፉም የለውም። እንድትዘጋጁ ነው የምነግራችሁ፤ ይህን ምዕራፍ ለልጅ ከማንበባችሁ በፊት ብቻችሁን አንብቡት።

ድክመት የለውም ወይ? አለው። ምዕራፎቹ አጫጭር ናቸው፣ አብዛኞቹ ከሁለት ከሦስት ገጽ አያልፉም። ለማታ ንባብ ይመቻል። በአንድ ቁጭታ ለሚያነብ አዋቂ ግን ይቆራረጣል። መሐል አካባቢ የጉዞና የሽርሽር ምዕራፎች አሉ፤ ደስ ይላሉ፣ ግን ብናልፋቸው የሚጎድል ብዙ የለም። ሌሎቹ ልጆችም ከያሱአኪና ከታካሃሺ በቀር በደንብ አይለዩም። ርዕሰ መምህሩም ሲሳሳት የምናይበት ቦታ የለም ማለት ይቻላል። አስተማሪ ሆኜ ሳነብ ይህ ትንሽ ቅር አለኝ። ሲደክመው፣ ሲሰለቸው፣ ተሳስቶ ይቅርታ ሲጠይቅ ባየው ኖሮ ይበልጥ አምነው ነበር። ግን እሱን የምናየው በልጅ ዓይን ነው። ልጅ የወደደውን ሰው እንዲህ ነው የሚያየው።

ሥዕሎቹ የቺሂሮ ኢዋሳኪ ናቸው። ስስ፣ ውሃ የበዛበት ቀለም፣ ትልልቅ ዝም ያሉ የልጅ ዓይኖች። ሠዓሊዋ የሞተችው በ1974 ነው፣ መጽሐፉ ከመታተሙ ሰባት ዓመት ቀድማ። ስለዚህ የተሣለችው ልጅ ቶቶቻን አይደለችም። ጸሐፊዋ ካሉት ሥዕሎች ነው የመረጠችው። ይህን ለልጄ ስነግረው አላመነም። እኔም ሽፋኑን ሳይ አላምንም።

ጦርነቱ ቀስ ብሎ ነው የሚገባው። ልጆቹ በስሙ አያውቁትም። አንድ ነገር ከገበያ ይጠፋል፣ ሌላ ነገር ይጠፋል፣ የሚያውቁት ሰው ይዘምታል። በ1945 ቶሞኤ ከአየር በተጣለ ቦምብ ተቃጠለች። ርዕሰ መምህሩ መንገድ ላይ ቆሞ እሳቱን እያየ ነበር። ቀጥሎ ምን ዓይነት ትምህርት ቤት እንሥራ ብሎ የራሱን ልጅ ጠየቀው። ኮባያሺ በ1963 ሞተ። ቶቶቻን ሳድግ እዚህ አስተማሪ እሆናለሁ ብላ ቃል ገብታለት ነበር። አልሆነችም። በምትኩ ይህን መጽሐፍ ጻፈች። ቀጣዩን ክፍል ደግሞ በ2023 አወጣች፣ ከ42 ዓመት በኋላ።

ሰውየው ባገኛት ቁጥር የሚላት አንድ ነገር ነበረ። ጥሩ ልጅ ነሽ ይላታል፣ ግን «በእውነቱ» የምትል ቃል ጣል አድርጎ። አዋቂ ሲሰማው ይገባዋል። ሰዎች ጥሩ እንዳልሆንሽ ያስባሉ፣ አንቺ ግን ጥሩ ነሽ ማለት ነው። ልጅቷ የሰማችው «ጥሩ ልጅ» የሚለውን ብቻ ነው። በሰማች ቁጥር ትዘላለች፣ አዎ ነኝ ትላለች። ጸሐፊዋ የዚያች ቃል ትርጉም የገባት አድጋ ነው። አማርኛ ላይ ይህን እንዴት አድርጌ ላምጣው ብዬ ተጨንቄ ነበር። በመጨረሻ የረዳችኝ «እኮ» ናት። «አንቺ እኮ ጥሩ ልጅ ነሽ።» እኮ ስንል የሆነ ሰው ሌላ ነገር ብሏል ማለት ነው። ልጄ ግን አላስተዋላትም። ልክ እንደ ቶቶቻን አልፏት ሄደ።

ለማን ልምከር? ለወላጅ፣ ለአስተማሪ፣ በተለይ የማይቀመጥ ልጅ ላለው ሰው። ለልጅ ከሆነ ከሰባት ዓመት ጀምሮ፣ አዋቂ አጠገቡ ሆኖ። እንግሊዝኛው ቀላል ነው፣ በአፍ ለመተርጎም አያስቸግርም። ርዕሱ ላይ ያለው መስኮት ግን ማብራሪያ ይፈልጋል። ልጅቷ ሙዚቀኞቹን የምትጠብቅበት መስኮት ብቻ አይደለም። መጽሐፉ በተጻፈበት ጊዜ ጃፓን ውስጥ ከሥራ ገሸሽ የተደረጉ ሰዎች «መስኮት ዳር የተቀመጡ» ይባሉ ነበር። ይህ በመጨረሻ ባለው የጸሐፊዋ ማስታወሻ ላይ አለ። ማስታወሻውን አትዝለሉት።

እኛም አልዘለልነውም። የልጅቷ ምስጢር የሚያልቀው እዚያ ነውና። ቴትሱኮ ሃያ ዓመት ከሞላት በኋላ እናቷ እንደ ቀላል ወሬ አድርጋ ያኔ ትምህርት ቤት የቀየርሽው ለምን እንደሆነ ታውቂያለሽ ወይ አለቻት። ተባረሽ እኮ ነው አለቻት። ጸሐፊዋ እናቷን ታመሰግናለች። ያኔ ተነግሯት ቢሆን በዚያ በሚበቅለው በር ፈርታ፣ አንገቷን ደፍታ ነበር የምትገባው።

ልጄ ይህን ሲሰማ ረጅም ጊዜ ዝም አለ። የተኛ መስሎኝ መጽሐፉን ዘጋሁ።

«እማዬ፣ አንቺም ሃያ ስሞላ የምትነግሪኝ ነገር አለ?»

አስቤ «አለ» አልኩት።

«እሺ» አለና ወደ ግድግዳው ዞሮ ተኛ።